ሃያ ስምንት ሰዓት እንግሊዝኛ

እኔ መብርሂት ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ደብቄ አላውቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ጠመኔ ያልወረወርኩበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ደግነቱ ሳቄም ቅርብ ነው። ካሚላን ባስተማርኩባቸው ሁለት ሳምንታት ግን ቁጣው ከሳቁ ተደበላልቆብኝ፣ ልጄ ሉሊ "እማ፣ ኧረ ደም ብዛትሽን ተለኪ!" እስክትለኝ ድረስ ነው ያበድኩት። እስቲ ልንገራችሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ይዤ ጀማሪዎችን አስተምር ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ነጭ ሰሌዳዬን ታክሲ ላይ ጭኜ ሰንጋ ተራ መጣሁ፤ እኔና ሉሊ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ተገኘችልኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳውን ስወለውል ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋን ልታወልቅ ስታጎነብስ "ኧረ ግቢ! ምን ሆነሻል?" ብዬ ጮህኩባት። ጮክ ብዬ ነው የምናገረው፣ ልማድ ነው።

"ቲቸር፣ እንግሊዝኛ በሁለት ሳምንት ይቻላል?" አለችኝ።

"በሁለት ሳምንት? እኔ ራሴ በሠላሳ ሁለት ዓመት አልጨረስኩትም እኮ!"

አልሳቀችም። ቁጭ አለችና ነገረችኝ። ስሟ ካሚላ ነው፣ ላንቻ ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው። አምስት ዓመት ካዛንቺስ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ቆይታ ፔንሲዮኑ ፈረሰ። አሁን እዚያው ካዛንቺስ አዲስ ሆቴል ሊከፈት ክፍል አጽጂዎች ይፈልጋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ የሙከራ ቀን ነው። ኃላፊዋ የውጭ ዜጋ ናት፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ አትችልም። ካሚላ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው "ሄሎ"ን እና "ኦኬ"ን ነው።

"ካላለፍኩ ሰኞ በረራ አለኝ" አለች። "ኤጀንሲው ጨርሶልኛል። ሪያድ።"

"ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"አንዴ። ልጄ ሲሃም ገና የዓመት ልጅ ሆና። አንድ ቤት ነው ተብዬ ሦስት ቤት አጸዳሁ፤ የእመቤቷን፣ የእናቷን፣ የእህቷን። በሁለት ዓመቴ ስመለስ ልጄ ከእናቴ ኋላ ተደብቃ 'ይቺ ሴትዮ ማናት?' አለች።" ሻርፗን አስተካከለች። "አሁን ስምንት ዓመቷ ነው ቲቸር። ወላሂ አሁን ከሄድኩ ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም።"

እኔ መቼም አላስቻለኝም። በቀን ሁለት ሰዓት፣ አስራ አራት ቀን፣ ሃያ ስምንት ሰዓት ብዬ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍኩ። "ዛሬውኑ ጀምረናል!" አልኳት። ልቤ እንደ አዲስ አስተማሪ ይመታ ጀመር።

እንዴት እንደጀመርኩ ስናገር ግን ያሳፍረኛል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ቡናማ ደብተር አለኝ፤ ማስተማር ስጀምር ያዘጋጀሁት ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ፊደል። ቀጥሎ አም፣ ኢዝ፣ አር። ቀጥሎ "ዚስ ኢዝ ኤ ዳክ"፤ ዳክዬዋን ደግሞ አሳምሬ ሳልኳት። ካሚላ ምላሷን ከንፈሯ ላይ አውጥታ ትገለብጣለች። በየመሀሉ "ገባሽ?" እላታለሁ። እሷም አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ አዎ ትላለች፤ ያቺን አፍ የማታስከፍተዋን የእኛን አዎ ታውቋታላችሁ። እኔም ደስ ይለኝና ገጽ እገልጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሉሊ ከሥራ ስትመለስ ማስተማሪያ ክፍሌ ብቅ አለች። ሉሊ ሌላ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምትሠራው። ሰሌዳውን አየች፣ ዳክዬዋን አየች፣ ካሚላን አየች።

"እማ፣ ማለቴ... ዳክዬዋ የትኛው ፍሎር ላይ ነው ያለችው?"

"ምን?"

"ሆቴሉ ውስጥ። ዳክዬ ያለበት ሆቴል አይቼ ስለማላውቅ ነው።"

የሰሌዳ ማጥፊያው እጄ ላይ ነበር። ወረወርኩት። ሉሊ ለምዳዋለች፣ ጎንበስ አለች፤ ማጥፊያው በሩን መታው።

"መሠረት ሳይጣል ቤት አይሠራም!" አልኳት።

"ሴትየዋ ሃያ ሁለት ሰዓት ነው የቀራት እማ፤ አንቺ መሠረት ስትቆፍሪ እሷ አውሮፕላን ላይ ናት በቃ!" ብላኝ ወጣች።

ንድድ አልኩ። ምክንያቱም እውነቷን ነው። ካሚላ አንገቷን ደፍታ ዳክዬ ታጠቁራለች። ደብተሬን ዘጋሁ። ለጀማሪ ሁሉም ነገር እኩል ያስፈልገዋል ብዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከአንደኛው ገጽ ስጀምር ኖሬአለሁ፤ ይቺ ሴት ግን ገጽ ለመቁጠር ጊዜ የላትም። ምን ይቅደም? ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ጠይቄው አላውቅም፣ ካሪኩለሙ ይጠይቅልኝ ነበር።

በማግስቱ ካሚላን ወደ ላይ፣ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። "መኝታ ቤቴን አጽጂ" አልኳት። ደንገጥ አለች። "ሆቴል ነው ብለሽ አጽጂ፤ እኔ ከኋላሽ እከተላለሁ።" እርሳስና ወረቀት ይዤ እጇ የነካውን ሁሉ ጻፍኩ። አንሶላ፣ ትራስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የቆሻሻ ቅርጫት፣ ቁልፍ። እንዴት ያለ እጅ አላት መሰላችሁ! አንሶላውን አንዴ አራግፋ ስታነጥፈው አንድ መስመር አይታይበትም። አልጋዬ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ከዚያ አስቀመጥኳትና "ፔንሲዮኑ ውስጥ እንግዶች ምን ምን ይሉሽ ነበር?" አልኳት።

"ፎጣ ስጪኝ። ውሃ ጠፋ። ዋይፋይ። በኋላ ነይ። ይሄ የኔ አይደለም።"

"በቃ ይሄ ነው እንግሊዝኛሽ!" ብዬ ጮህኩ። ስድሳ አንድ ቃል ሰበሰብን። ስድሳ አንድ ግን ይበዛል፤ እንደ ምስር መልቀም ጀመርን። ዋይፋይ ራሱ ዋይፋይ ነው፣ ይውጣ። መጋረጃ? አሳይታ ትግባባለች፣ ይውጣ። "በኋላ ነይ" የግድ ነው፣ ይህን ያላወቀ ሰው ራቁቱን ያለ እንግዳ ላይ በር ይከፍታል። ሠላሳ ላይ ስንደርስ ተጣላን። እኔ ከሰላምታ "ጉድ ሞርኒንግ" ትበቃለች አልኩ። ካሚላ ግን እምቢ አለች፣ ያቺ ለሁሉ ነገር አዎ የምትል ሴት!

"እንዴት አደሩ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው፣ አገርዎ ሰላም ነው ወይ፣ ይሄን ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ ክፍሉ እገባለሁ?"

"ካሚላ፣ ሰውዬው ፎጣ ነው የሚፈልገው!"

"ፎጣውን እሰጠዋለሁ፤ ግን ሰው ነው እኮ ቲቸር!"

ሉሊ ከሳሎን ሆና እየሳቀች "ጉድ ሞርኒንግ ብለሽ ፈገግ በይ፤ የቀረውን ፈገግታው ይጠይቅልሻል" ብላ አስታረቀችን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያስተማርኩበት ጊዜ የለም። ካሚላ ፎጣ ስትይዝ "ታወል" ትላለች፣ ላንቻ ቤቷ አልጋ ስታነጥፍ "ሺት፣ ፒሎው" ትላለች፣ ሲሃምም አብራ ትጮሃለች አሉ። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱን "ዋን ሞመንት ፕሊስ!" ብላው ረዳቱ ደንግጦ ታክሲውን እንዳስቆመ እየሳቀች ነገረችኝ። በአስራ አንደኛው ቀን ሠላሳዎቹን ቃላት ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ትለቃቸዋለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከእንግዲህ የቀረን በእውነተኛ ፈረንጅኛ መፈተን ነው አልኩ።

እላያችን ፎቅ ላይ ናይጄሪያዊ ጎረቤት አለን፤ ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ቁመቱ በር የሚያጎነብሰው፣ ሳቂታ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ግን እንደ ጥይት ነው። ረቡዕ ለምሳ ሲመጣ ለመንኩት፤ እንግዳ ሁንልን፣ መኝታ ቤቴ ክፍልህ ነው፣ የፈለግከውን እዘዛት። ደስ አለው። እንዲያውም ለስብሰባ ሊለብሰው ያዘጋጀውን ነጭ ሸሚዝ በእጁ ይዞ መጣ።

ካሚላ አንሶላ ታቅፋ ገባች። "ጉድ ሞርኒንግ ሰር!" ፈገግ አለች። እኔ በር ላይ ሆኜ ልቤ ሊወጣ ነው። ሰውዬው ጀመረ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አትንኪ፣ ፎጣ አልፈልግም፣ ይህን ሸሚዝ ብቻ ቁም ሣጥን ውስጥ ስቀይልኝ። ካሚላ ከእያንዳንዱ በኋላ አንገቷን እየነቀነቀች "የስ ሰር፣ የስ ሰር" አለች። እንዴት ያምራል! ሉሊን በክርኔ ጎሰም አደረግኳት። ሰውዬው ወደ ሳሎን መጣ፣ ውሃ ጠጣ፣ አስር ደቂቃ ጠበቅን።

ስንገባ ወረቀቶቹ ተሰብስበው መሳቢያ ውስጥ ገብተዋል። አልጋው ላይ ሦስት ፎጣ በወግ ተደርድሯል። ሸሚዙ የለም።

"ካሚላ፣ ሸሚዙስ?"

"ዘፍዝፌዋለሁ ቲቸር!" አለች ፊቷ እያበራ።

ወይኔ ጉዴ! ሰውዬው ከአንድ ሰዓት በኋላ ስብሰባ አለበት። ሉሊ እንደ እብድ ሮጣ ሸሚዙን ከሳሙና ውሃ ውስጥ አወጣችው፤ ካውያ ሰካች፤ እርጥቡን ሸሚዝ መተኮስ ያዘች፤ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ። እግዜር ይስጠው፣ ጎረቤታችን ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። እኔ ግን ካሚላ ላይ ዘለልኩባት።

"ካልገባሽ ለምን አልገባኝም አትይም?"

"እንዴት ቲቸር! ሰው እያናገረኝ? እንግዳ፣ ያውም ትልቅ ሰው፣ ዓይኑን እያየሁ አልገባኝም ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ?"

"ሸሚዝ መዘፍዘፍ ነው ነውሩ!"

ሰውዬው ትኩስ ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ በር ላይ ቆም አለና ፈገግ እያለ አንድ ረዥም ነገር ተናገረኝ። እኔም እጁን ጨብጬ "የስ፣ የስ፣ ኦፍ ኮርስ!" አልኩት። ሄደ። በሩን ዘጋሁ።

ሉሊ ካውያውን እንደያዘች አፍጥጣ ታየኛለች። "እማ፣ ምን አለሽ?"

"አመሰገነኝ ነዋ!"

"እሁድ ሦስት ጓደኞቼን ይዤ እናንተ ቤት የሐበሻ ምሳ ልብላ ወይ ነው ያለሽ። አንቺም እሺ ብለሻል።"

ካሚላ ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። በመጨረሻ "ቲቸር... እርስዎም?" አለች። ከዚያ ሦስታችንም አልቻልንም፤ እርጥብ ወለል ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። የኔ ሳቅ ግን ቶሎ ቆመ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ፣ ፊቴን ወደ ተማሪ አዙሬ "ገባችሁ?" እላለሁ። ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ "አዎ ቲቸር!" ይላል። አንድም ቀን አንድም ልጅ አልገባኝም ብሎኝ አያውቅም፤ አንዴ አንዱ ቢለኝ ጠመኔ ነው የወረወርኩበት። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ። አስተማሪን ላለማስቀየም፣ እንግዳን ላለማሳፈር፣ ደደብ ላለመባል አዎ ማለት ነው። ለካሚላ ከሁሉ አስቀድሜ ያስተማርኳት እሱን ነው፤ ያውም በቃል ሳይሆን በቁጣዬ። ሠላሳ ቃል ብታውቅ፣ ሠላሳ አንደኛው ሲመጣ አዎ ካለች ምን ዋጋ አለው?

ወደ ምድር ቤት ወረድን። ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁና ከላይ ጻፍኩ፤ አልገባኝም። ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ያሳዩኝ። "ከዛሬ ጀምሮ አንደኛ ይሄ ነው" አልኳት። "ታወልም ከዚህ በኋላ ነው፣ ጉድ ሞርኒንግም ከዚህ በኋላ ነው። የቀረን አምስት ሰዓት ነው፤ አምስቱም ለዚህ ነው።"

ሦስቱን ሐረጎች በእንግሊዝኛ ለመያዝ አስር ደቂቃ አልፈጀባትም። ችግሩ እሱ አልነበረም። ችግሩ እነሱን ከአፍ ማውጣት ነበር። እኔ ዘዴ ፈጠርኩ፤ የእናቴን ቋንቋ ትግርኛን ካሚላ አትሰማም። "ያልገባሽን ስነግርሽ አስቁሚኝ" አልኳትና ኮስተር ብዬ "ሎሚ ንግሆ ኣድጊ በሊዕኪ ዶ?" አልኳት።

አየር ወደ ውስጥ ሳበች። "እሺ ቲቸር።"

"ዛሬ ጠዋት አህያ በልተሻል ወይ ነው ያልኩሽ!"

"አዑዙ ቢላሂ!" ብላ ከወንበሯ ተነሳች።

ረቡዕ አልቻለችም። ሐሙስም ግማሹን ሰዓት አንገቷን እየነቀነቀች አሳለፈችው። ልቆጣ ስል ከንፈሬን ነከስኩ፤ ማጥፊያውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ኋላ ግን እሷ ራሷ አንድ ነገር አመጣች። ድንገት ቀና ብላ በአረብኛ ለቀቀችብኝ፤ የሪያድ አረብኛ፣ ፈጣን፣ እጇን እያወናጨፈች። እኔ... አታምኑኝም፣ አንገቴን ነቀነቅኩ።

"ምን አልኩ ቲቸር?"

አንዲት ተማሪዬ ፊት፣ ሰሌዳዬ ስር ቆሜ፣ አልገባኝም ማለት አቃተኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ቀና ብዬ አየሁ። "አልገባኝም" አልኩ።

"ማሻአላህ!" ብላ አጨበጨበች። "አዩ? አልሞቱም!"

ከዚያ በኋላ አፏ ተፈታ። አርብ ትግርኛ ስጀምር ገና ሁለት ቃል ሳልናገር እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታነሳለች፤ "አይ ዶንት አንደርስታንድ! ስሎውሊ ፕሊስ! ሾው ሚ!" በመጨረሻው ሰዓት ድምጿ ከኔ በልጦ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ተሰማ። ሃያ ስምንተኛው ሰዓት እንዲህ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ተገናኘን። አዲስ ሻርፕ ለብሳለች። በእግራችን ወደ ካዛንቺስ ስንወጣ እኔ በትግርኛ እየጮህኩ፣ እሷ በእንግሊዝኛ እያስቆመችኝ፣ መንገደኛው ምን ያጣላቸዋል እያለ ያየናል። ሆቴሉ በር ላይ "ጓለይ፣ ሂጂ" አልኳት፤ ልጄ ማለት ነው፣ ይሄ ገባት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ካፌ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማኪያቶ አዘዝኩ። ሌላ አዘዝኩ። አራተኛው ላይ አስተናጋጇ "እትዬ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። አልነበርኩም።

ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰባት ሲል ካሚላ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች፤ መኪና ጡሩምባ ነፋባት። እጇ ላይ ወረቀት አለ።

"ሰባት ነበርን" አለች ገና ሳትቀመጥ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ሁለቱ ዲፕሎማ አላቸው ቲቸር! ሴትየዋ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ሁሉም የስ ማዳም፣ የስ ማዳም። እኔ እጄን አነሳሁ። አይ ዶንት አንደርስታንድ! ከኋላዬ ሳቁብኝ። ደገመችልኝ። ግማሹ ገባኝ፣ እንደገና አነሳሁ። ሾው ሚ! ይዛኝ ገባች፤ ይሄን ጠርሙስ አትጠቀሚ ብላ በእጇ አሳየችኝ፣ መስኮት አትክፈቺ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አትንኪ፣ ከመታጠቢያ ቤት ጀምሪ። ለካስ እንግዳው ሽታ የማይስማማው ነው። ሌሎቹ ክፍሉን ሽቶ በሽቶ አድርገውት መስኮቱን በረገዱት! የኔን አልጋ በጣቷ ነካችና ሳቀች። ከዚያ ይሄን ሰጠችኝ።"

ውል ነው። የሥራ ውል! እልል ልል አፌን ስከፍት ከታች ያለውን ባዶ መስመር አየሁት።

"ፈርሚ አላሉሽም?"

"አሉኝ።"

"እና?"

"አይ ዶንት አንደርስታንድ አልኩ።"

"ወይኔ መብርሂት! ካሚላ! እዚህ ላይም ይባላል እንዴ? ስድስት ሰው ወረፋ ይዞ ቆሞ! አምጪ እስክሪብቶ፣ ሮጠሽ..."

"ቲቸር" አለችኝ። አልጮኸችም። "የሪያዱን እሺ ብዬ ነው የፈረምኩት።"

መነጽሬን አወጣሁ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ኤጀንሲው ነው፤ በፊቱ ደፋችው። መስመር በመስመር እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳት። የሥራ ሰዓቱ ከሁለት እስከ አስር፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ ሦስት ወር ሙከራ። በየመስመሩ "ገባሽ?" ስል "እንደገና" ትለኛለች። እንደገና አነባለሁ። ስድስተኛው ላይ ደረስኩ፤ ሠራተኛዋ ሲያስፈልግ ድርጅቱ በሚያዛት ሌላ ቦታ ትሠራለች።

"ሌላ ቦታ የት?"

"ያው... እዚያው ሆቴሉ ውስጥ መሰለኝ።"

"መሰለኝ?" ዓይኗን አላነሳችልኝም። "ቲቸር፣ ገብቶዎታል?"

ሠላሳ ሁለት ዓመት። ዲግሪ። ቡናማ ደብተር። መስመሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሆቴሉ ውስጥ አይልም፣ ከሆቴሉ ውጭም አይልም። የእመቤቷ ቤት፣ የእናቷ ቤት፣ የእህቷ ቤት መጣብኝ።

"አልገባኝም" አልኩ።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፤ ጣቷን ስድስተኛው መስመር ላይ እንዳደረገች ተነሳች። "አብሬሽ ልምጣ?" ስላት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ብቻዋን መንገዱን ተሻገረች፤ ዘበኛው በሩን ከፈተላት። ከመስታወቱ ኋላ ኃላፊዋን አየኋት፤ አጭር፣ ሰማያዊ ኮት የለበሰች ሴት ናት። ካሚላ ወረቀቱን ዘረጋችላትና እጇን አነሳች። ልክ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። ሴትየዋ ወረቀቱን አየች፣ ካሚላን አየች። ፊቷ አይታየኝም። እኔ ቁልቁል ወደ ባዶ ስኒዬ አየሁ፤ ማርያምን ለመንኳት፤ በገዛ እጄ አጥፍቻት ከሆነስ? ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ያ ሩብ ሰዓት ከሃያ ስምንቱ ሰዓት ይረዝማል።

ስትመለስ አልሮጠችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችልኝ። ስድስተኛው መስመር ጎን በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ በዚህ ሆቴል ውስጥ ብቻ። ከስሩ የሴትየዋ ፊርማ፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ጎበጥ ጎበጥ ያለ የካሚላ ፊርማ።

"ሦስት ጊዜ ነው ያስነገርኳት" አለች። "ላውንደሪውን፣ ፎቆቹን፣ ሁሉንም በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ ጻፈችልኝ።"

እኔም ከልማድ ነው፣ አፌ ለምዶታል፣ "ገባሽ?" አልኳት።

አየር ወደ ውስጥ አልሳበችም። አፏን ሞልታ፣ ካፌው ሁሉ እስኪዞር፣ "ገባኝ!" አለች። ይህን ጥያቄ ስንት መቶ ሺህ ጊዜ እንደጠየቅኩ እንጃ፤ መልሱን ሳምነው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ስልኳን ገልብጣ ወደ ኤጀንሲው ደወለች። "ሰኞ አልመጣም" አለችው። እዚያ ማዶ ያለው ሰው ብዙ ተናገረ፣ ጮኸም። ካሚላ ጠበቀችውና ረጋ ብላ ደገመችለት፤ "ሥራ የምጀምረው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ሲሃምን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ።"